የሦስት ቋጥኞች ትሎች

ባለፈው ወር ዓይኔን ልታከም ሐዋሳ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ተራ መጠበቁ ሰልችቶኝ በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ስል የአንድ ላቦራቶሪ በር ተከፈተና ፎርማሊን ሸተተኝ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ፣ ከጉሮሮ ኋላ ሄዶ የሚቀመጥ ሽታ ነው። አንዴ የለመደው ሰው አይረሳውም። ባለሁበት ቆምኩ። ወለሉን የምታጸዳው ልጅ መወልወያዋን ተደግፋ፣ «አባባ፣ ክፍሉ ጠፋዎት እንዴ?» አለችኝ። «አልጠፋኝም» አልኳት። «ታዲያ እንዲህ የሚያስተክዝዎት ምንድን ነው?» አለችኝ። ስለ ሽኮኮ ሆድ ትል እያሰብኩ ነው ብላት ወደ ሌላ ሐኪም ትመራኝ ነበር። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስም የዓይን ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ያንብቡ ስትለኝ፣ ልቤ ከእሷ ጋር ስላልነበረ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረባት።

ነገሌ ቦረና በጋዜጠኝነት የተመደብኩት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ዓመተ ምሕረቱ የሚጠቅመው ለጡረታ ክፍል ብቻ ስለሆነ እተወዋለሁ። ያ ዘመን በኔ ልብ ውስጥ ያለው በቀኑ አይደለም። ቀይ ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር። ከሞያሌ በኩል የሚገባ ሳሙናና ባትሪ መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ይቸረቸር ነበር። ወንዱ ሽርጥ አገልድሞ ከላይ ኮት ይደርብ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ኮንጎ ጫማ ያላደረገ ሰው አልነበረም። መናኸሪያው ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ጠዋት የኦሮሞ ዘፈን፣ ቀትር ላይ የሶማሌ፣ ሲመሽ የአማርኛ ትዝታ ይከፍታል። የቀኑን ሰዓት ከሚጫወተው ቋንቋ እናውቅ ነበር። ከካሴት ቤቱ ቀጥሎ ከጉራጌ የመጡ ወንድማማቾች ሱቅ ነበራቸው። አንደኛው ለዓርብ ሶላት ሲሄድ ሌላው በሱቁ በር ላይ ዱላ አጋድሞ ጎረቤቱ ሱቅ ሄዶ ይቀመጣል። የተጋደመች ዱላ ካለች ማንም ገብቶ ዕቃ አይነካም። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ባጃጆች ተደርድረው ይጮኻሉ፤ ካሴት ቤቱ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ይህንን ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጉዳይ ባለፍኩ ጊዜ ነው። ከባጃጅ ሳልወርድ አይቼ አለፍኩ፤ ወርጄ የምጨብጠው ሰው አልነበረኝም።

ዜና የምልከው ከቴሌ ነበር። ቴሌ አንድ አዳራሽ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ሁለት የእንጨት ካቢን ነው። የካቢኑ በር ቢዘጋም ድምፅ አያስቀርም። እኔ ውስጥ ገብቼ አዲስ አበባ ላለው አዘጋጅ ዜናዬን ቃል በቃል አነባለሁ፤ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻም «አራት ነጥብ» እላለሁ። ውጭ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ ስወጣ፣ «ጋዜጠኛው፣ ለሬዲዮ ባትሪ ከመግዛት አዳንከን» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን በአካባቢው ፍየሎች ላይ የጨጓራ ትል መበርታቱን፣ ትሉም በሁሉም ወረዳ አንድ ዓይነት መሆኑን አንብቤ ወጣሁ። ካኪ ሱሪና በረባሶ ጫማ ያደረገ፣ ቀጭንና ረጅም ሰው ከአግዳሚው ተነስቶ መንገዴ ላይ ቆመ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ዓይነት መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት።»

«ጽሕፈት ቤቱ እኔ ነኝ። ሪፖርቴ ላይ አንድ ይመስላል ነው ያልኩት። አንድ ነው አላልኩም።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። እኔ ተመልሼ መስመር ጠየቅሁና «ነው» የሚለውን «ይመስላል» በሚል አስተካከልኩ። አዘጋጁ ተነጫነጨ። ከካቢኑ ስወጣ ሰውየው አሁንም እዚያው ቆሟል። «ብዙ ሰው ለዚህ አይመለስም» አለኝ። ዶክተር ሲሳይን የተዋወቅሁት እንዲህ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አብረን እንበላ ነበር፤ ፓስታ በፍየል ሥጋ፣ ከዚያ ሻይ። ሁለታችንም ብቻችንን ነበርን። የኔ ትዳር ከነገሌ በፊት ፈርሷል። የእሱ ባለቤት አዲስ አበባ ቀርታ መጀመሪያ በየበዓሉ፣ በኋላ በየዓመቱ ትመጣ ነበር፤ በመጨረሻም ጨርሶ መምጣት ትታለች። ስለዚህ ነገር አላወራንም። ስለ ትል አወራን። ዶክተር ሲሳይ አውስትራሊያ ሄዶ የተማረው ስለ ካንጋሮና ዘመዶቹ ጥገኛ ትሎች ነው። ልጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ ባለ ከረጢት የሚሸከሙ እንስሳት ናቸው፤ እኛ አገር አንድም የለም። ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ፣ የሚያውቀው ነገር አገሩ ውስጥ የሌለ ሰው ሆኖ ነገሌ ተመደበ። ከተማው «ዶክተር ካንጋሮ» አለው። እሱ አልተቀየመም። «ስም ማውጣታቸው ጥሩ ነው፤ አለመርሳታቸው ነው» ይል ነበር።

አንድ ማታ በጨው መያዣውና በሁለት የሻይ ብርጭቆ ነገሩን አስረዳኝ። ከካንጋሮ ዘመዶች ውስጥ ቋጥኝ ላይ ብቻ የሚኖሩ ትንንሾች አሉ አለ። ብርጭቆዎቹና ጨው መያዣው ሦስት ቋጥኞች ሆኑ። «እዚህኛው ቋጥኝ ላይ ያለው ወደዚያኛው አይሻገርም። መሀሉ ሜዳ ነው፣ ሜዳው አውሬ ነው። ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልም አብሮ ታስሮ ይቀራል። በማይክሮስኮፕ ብታየው የሁሉም ትል አንድ ነው፤ ጭንቅላቱ አንድ፣ ጅራቱ አንድ። ዘረመሉ ሲታይ ግን ከማይቆጠር ዘመን ጀምሮ ተለያይተዋል። አይገናኙም፣ አይዋለዱም። መልካቸው የመንታ ነው፣ ውስጣቸው የባዕድ። አንድ ብለን ስም የሰጠነው ነገር ሦስትም አራትም ሆኖ ይገኛል።»

«ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?» አልኩት። የሙያዬ ጥያቄ ነው።

«ከዚህ ከተማ ስትወጣ ምን ታያለህ?»

«ሜዳና ቁጥቋጦ።»

«በሜዳው መሀል?»

«ቋጥኝ።»

«ቋጥኙ ላይስ?»

ሳቅሁ። ሽኮኮ ነው። ሽኮኮ የካንጋሮ ዘመድ አይደለም፤ አኗኗሩ ግን የእነዚያ የቋጥኝ ነዋሪዎች ነው። ዶክተር ሲሳይ ሦስት ቋጥኞች መርጦ ነበር፦ አንዱ ከተማው ዳር፣ አንዱ በሞያሌ አቅጣጫ፣ ሦስተኛው በፊልቱ መንገድ ላይ፣ ከሁሉም የራቀና በሜዳ መሀል ብቻውን የቆመ ቀይ ጉብታ። የሦስቱን ቋጥኝ ሽኮኮዎች ትል አነጻጽሮ፣ አንድ የሚመስለው ትል አንድ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ፈለገ። የፈለገው ይህንን ብቻ ነው። አውስትራሊያ ያለው የድሮ መምህሩ ትሎቹ በአልኮል ተጠብቀው ከደረሱት ዘረመላቸውን ሊያይለት ቃል ገብቶለታል። «ከተሳካ» አለኝ፣ ጨው መያዣውን ወደ ቦታው እየመለሰ፣ «ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ አገር ነበር እላለሁ። ካልተሳካ ስለሌለ እንስሳ የተማረ ሰው ሆኜ እቀራለሁ።»

በሥራ ቀን ግመልና ፍየል ያክማል። እሑድ እሑድ የአደን ፈቃዱን ይዞ፣ ወጥመዱን አሸክሞ ወደ ቋጥኞቹ ይሄዳል። እኔም ሥራ ከሌለኝ አብሬው እሄድ ነበር። ላንድሮቨሩን የሚነዳው ጅሎ የጉጂ ልጅ ነው፤ ሲቀልድ ፊቱ አይፈታም። «አካም ዶክተር፣ ናጋ?» ብሎ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራል። «የኔ አጎት ግመል ሆዱ ተነፍቶ ተኝቷል። ዶክተሩ ግን ማንም የማይበላው አውሬ ሆድ ያያል። አጎቴ ሽኮኮ ብሆን ይሻለኝ ነበር ይላል።» ዶክተር ሲሳይ ሰኞ በጠዋት አጎትየው ዘንድ ይሄዳል። ግመሉ መዳኑን አስታውሳለሁ፤ ቀልዱ ግን አልቆመም። የፊልቱ መንገድ ያኔ መንገድ አልነበረም። ላንድሮቨሩ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘል ዶክተር ብልቃጦቹን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ታቅፎ ይጓዛል። ቀዩ ጉብታ ጋ ስንደርስ ሽኮኮዎቹ ድንጋዩ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱ ዘብ ይቆማል። ሲያየን ሹል ድምፅ ያሰማል፤ በዓይን ጥቅሻ ሁሉም በስንጥቁ ገብተው ድንጋዩ ባዶ ይሆናል።

ከየቋጥኙ የተገኘው ትል ነጭ ክር ይመስላል። በብልቃጥ ውስጥ በአልኮል ተደርጎ የሚቀመጠው በጽሕፈት ቤቱ ግምጃ ቤት ነው፤ ግምጃ ቤቱን የሚይዙት እትዬ ብርቅነሽ ነበሩ። ባለቤታቸው የጦር ሰፈሩ ወታደር ሆኖ ከሰሜን አምጥቷቸው፣ መንግሥት ሲለወጥ ከሠራዊቱ ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። እሳቸው ነገሌ ቀሩ። የግምጃ ቤት ሰው ነበሩ፤ ለግምጃ ቤት ሰው ደግሞ ከቃል ሁሉ የሚከፋው «ጎደለ» ነው። ኦዲተር መጥቶ ጎደለ ካለ ሥራም ስምም አበቃ። ስለዚህ እትዬ ብርቅነሽ ምንም ነገር ሲጎድል ዝም ብለው አያዩም፤ የላምባ መብራቱን፣ የማኅተሙን ቀለም፣ የባትሪውን ውሃ ሁሉ ሳይታዘዙ ይሞላሉ። አልኮሉን የሌሊት ዘበኞች እንዳይጠጡት በሁለት ቁልፍ ይቆልፉበታል። አንድ ጊዜ የአልኮል ጀሪካን ቀሎ ሲገኝ ዘበኞቹን አሰልፈው እያንዳንዱን አፉን አሸተቱት። «ትሉንም ውጣችሁት ከሆነ አሁኑኑ ተናገሩ፤ ዶክተሩ ሆዳችሁን ከፍቶ ያወጣዋል!» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በአንድ በጋ ለዶክተር ሲሳይ የእናቱ መርዶ መጣ። ደብረ ማርቆስ ሄዶ ከወር በላይ ቆየ። በዚያ ጊዜ የነበረውን ሙቀት የቆላ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። የቆርቆሮው ጣራ ቀኑን ሙሉ ይንጣጣ ነበር። ዶክተር ፂሙን አሳድጎ፣ ጥቁር ለብሶ ሲመለስ ብልቃጦቹን አየ፤ ሁሉም ሙሉ ነበሩ። ከየቋጥኙ ግማሹን ሳይከፍት አሽጎ ወደ ውጭ በሚሄድ ሰው እጅ ላከ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ቴሌ በሄድኩ ቁጥር አግዳሚው ላይ አገኘዋለሁ። እኔ ዜናዬን አነባለሁ፣ እሱ ይጠብቃል፣ ሽማግሌው በሁለታችንም ይቀልዳሉ። ዛሬ ሳስበው፣ በሕይወቴ ሰው እየጠበቀኝ ያለ ያህል የተሰማኝ ያኔ ነው። እሱ የሚጠብቀው ስልክ እንጂ እኔን እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም ከካቢን ስወጣ የማውቀው ፊት እዚያ ነበረ። አሁን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የቴሌ ማስታወቂያ ሊያስነብበኝ ነው።

አንድ ቀን ኦፕሬተሯ «አውስትራሊያ! ዶክተር፣ ቁጥር ሁለት!» ብላ ጮኸች። እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ከኔ ሌላ ስላልነበረ ሰዉ ድምፁን ብቻ ነው ያዳመጠው። መጀመሪያ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ቀጥሎ ዝግ አለ፤ ከዚያ «ሁሉም?» አለ፤ ደግሞም «የሦስቱም?» ከካቢኑ ሲወጣ ሽማግሌው ቀልዳቸውን ትተው ብድግ አሉ። «ዶክተር፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም፣ አባባ። ይቀመጡ።»

ደጅ ከወጣን በኋላ ነገረኝ። ትሎቹ በመልካቸው ምንም አልሆኑም። ዘረመላቸው ግን አልተነበበም፤ ከአንዱም ብልቃጥ ምንም አልወጣም። መምህሩ አልኮል ብቻ ነው ወይ ያደረግህበት ብሎ ጠይቆታል። አልኮል ብቻ ነው ብሎ መልሷል። ምክንያቱን ሁለታችንም አላወቅንም። የተረፉትን ብልቃጦች ለማየት በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄድን።

እትዬ ብርቅነሽ በሩ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሁለት ዘበኞችና ጅሎ ጥላው ሥር ነበሩ። እትዬ ሲያዩን ተነሱ።

«ስልክ ተደወለ አሉ! ደረሱ ብልቃጦቹ?»

«ደርሰዋል፣ እትዬ።»

«አልፈሰሱም?»

«አልፈሰሱም።»

«አልጎደሉም?»

«አልጎደሉም።»

ወደ ዘበኞቹ ዞሩ። «ሰማችሁ? እናንተ ስታሾፉብኝ! እሳቸው እናታቸውን ሊቀብሩ በሄዱ ጊዜ ያ ሙቀት አልኮሉን ጠጥቶት ትሎቹ ሊደርቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አልኮል ደግሞ አልቋል። እኔ ባልደርስ ኖሮ የዚህ ሰውዬ ልፋት አፈር በልቶ ነበር! አንድ በአንድ ሞላኋቸው።»

«በምን ሞሏቸው?» አለ ዶክተር ሲሳይ።

«በፎርማሊኑ ነዋ! ያበደ ውሻ ጭንቅላት የምታስቀምጡበት። እንዳይበሰብስ አይደል የሚፈለገው? ከሱ የሚጠነክር የታለ?»

ሁሉም ግልጽ ሆነ። ፎርማሊን መልክን ያቆያል፤ ሥጋው አይበሰብስም፣ ቅርጹ አይለወጥም። ዘረመሉን ግን አጣብቆና ሰባብሮ ያስቀረዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያነበውም። ይህንን ዶክተሩ ብዙ ጊዜ ነግሮኝ ስለነበር ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ጅሎን አየሁ። ጅሎ የሚሆነው ባይገባውም የሆነ ነገር እንዳለ አውቆ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ብርቅነሽ ምስጋና ይጠብቃሉ።

«እጅዎ ይባረክ» አለ ዶክተር ሲሳይ። «ደክመውልኛል።» ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ሲያሸት ድምፁ ይሰማ ነበር፤ የሽታው ስለት እኔ ጋ ድረስ ደረሰ። የሦስቱም ቋጥኞች ብልቃጥ አንድ ሳይቀር ተሞልቷል።

በማግስቱ ዘበኞቹ በሌሉበት ሄዶ እውነቱን ነገራቸው። ይህንን ያወቅሁት ከሁለቱም ነው፤ የነገሩኝም አንድ ዓይነት ስለነበረ አምናለሁ። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና «ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አሉኝ?» አሉት።

«ሰው ፊት ነበር።»

«ሰው ፊት አመሰገኑኝ። ሌሊቱን ሙሉ ኮርቼ አደርኩ!» አለቀሱ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠርገው፣ «አሁን ምን ይሁን?» አሉ።

«እንደገና እጀምራለሁ። እርስዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሲጎድል ጎደለ ይበሉኝ።»

«ለኔ ይህ ቀላል ነገር አይምሰልዎት» አሉት። ግን አደረጉት። እንዲያውም ከዚያ በላይ አደረጉ፤ ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ፍራፊ ሰብስበው አቅልጠው፣ የእያንዳንዱን ብልቃጥ ክዳን በሰም ዙሪያውን ደፈኑት። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ከብልቃጥ አንድ ጠብታ አልወሰደም። እሳቸው አሁን በሕይወት የሉም። ልጅ ስላልነበራቸው ለቀብራቸው የጻፍኩትን አጭር የሕይወት ታሪክ ማን እንዳነበበው አላውቅም፤ እኔ ያኔ ሌላ ክልል ተዛውሬ በፖስታ ነበር የላክሁት። ዶክተር ሲሳይም የት እንዳለ አላውቅም። የነበረኝ ቁጥር አሁን የአንዲት ሴት ነው። ሁለት ጊዜ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

እንደገና ለመጀመር የወሰደው ጊዜ ረጅም ነበር። ከተማው ዳር ካለው ቋጥኝ ትል ተገኘ፤ ከሞያሌ አቅጣጫውም ተገኘ። ሦስተኛው ዘገየ። የፊልቱ መንገድ በጸጥታ ችግር ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ዶክተር የሁለቱን አስቀድሞ ላከ። ይኸኛው ስልክ ሲመጣ አብሬው ነበርኩ። መምህሩ ገና ብዙ መታየት አለበት ብሎ አስጠንቅቆ፣ እስካሁን ባየው ግን ሁለቱ አንድ እንደማይመስሉት ነገረው። በማይክሮስኮፕ መንታ የሆኑት በውስጣቸው ሳይለያዩ አይቀሩም። «ሦስተኛውን ላክልኝ» አለው። «ከሁሉ የራቀው እሱ ነው፤ ነገሩን የሚለየው እሱ ነው።» ዶክተር ሲሳይ ከካቢኑ ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ለሽማግሌው ሻይ ገዛላቸው። «ዛሬ ሰው ተወለደ እንዴ?» አሉት። «ሊወለድ ነው» አላቸው።

መንገዱ የተከፈተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ገብቶ በወታደር ጥበቃ መሥራት ሲጀምር ነው። በመጀመሪያው እሑድ ወጣን። እትዬ ብርቅነሽ ባዶዎቹን ብልቃጦች በጨርቅ ጠቅልለው፣ የሚቀልጠውን ሰም በጣሳ ጨምረው ሰጡን። ከከተማ ጥቂት እንደራቅን ላንድሮቨሩ መዝለሉን ተወ። አዲስ ጠጠር ተደፍቶ፣ ተዳምጦ፣ መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ሆኗል። ጅሎ በደስታ መዝፈን ጀመረ። ዶክተር ሲሳይ ብልቃጦቹን ከጭኑ ላይ አንስቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ በዚያ መንገድ ላይ እጁን ሲፈታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ይህ መንገድ ድሮ ቢኖር ኖሮ ስንት እሑድ ባተረፍን» አለ።

ቀዩን ጉብታ ከሩቅ እናየው ነበር። በዚያን ቀን አላየነውም። ጅሎ አልፈነው ይሆናል ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ቀይ አቧራ አየን፤ አቧራው ሥር የድንጋይ መፍጫ ማሽን፤ ከማሽኑ ኋላ ጉድጓድ። ወርደን ሄድን። ቢጫ የራስ ቁር ያደረገ ወጣት ፎርማን መጥቶ ጨበጠን። ባለሥልጣናት መስለነው ነበር።

«እዚህ ሽኮኮዎች ነበሩ» አለ ዶክተር ሲሳይ።

«ነበሩ! ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ እናያቸው ነበር። ሠራተኞቹ ለምደዋቸው ነበር፤ ስም ሁሉ አውጥተውላቸዋል።»

«የት ሄዱ?»

ፎርማኑ የራስ ቁሩን አወለቀ። «ድማሚት ከማፈንዳታችን በፊት ፊሽካ እንነፋለን። ደንብ ነው። ሰዉ ይርቃል፣ እረኛውም ከብቱን ያርቃል። እነሱም እንደ ከብቱ ወደ ሜዳው ይሸሻሉ ብለን ነበር።» ወደ ጉድጓዱ አመለከተ። «ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ወደ ውስጥ ገቡ።»

ማሽኑ ይጮኻል። ዶክተር ሲሳይ የጉድጓዱ አፍ ላይ ሄዶ ቆመ። እኔ ጥያቄ መጠየቅ ሥራዬ ነው፤ ዝም ማለት ሲያስፈልግም እጠይቃለሁ። አጠገቡ ሄጄ፣ «የዚህኛው ትል ከሁለቱ የተለየ ነበር?» አልኩት።

«አላውቅም።»

«የቀረው ብልቃጥስ? ግምጃ ቤት ያለው?»

«መልኩ አለ። መልኩ እንደሌሎቹ ነው። ምናልባት ከሁሉም የተለየ ነበር፤ ምናልባት ከአንዱ ጋር አንድ ነበር። ስም ሳይወጣለት ጠፍቶ ይሆናል፣ ወይም የጠፋ ነገር የለም። እኔም ሌላ ሰውም ከእንግዲህ ይህን አያውቅም» አለ። ድምፁ ያው ሁልጊዜ በጨው መያዣና በብርጭቆ ሲያስረዳኝ የነበረው ድምፅ ነበር።

በመልሱ ጉዞ ከከተማው ስንቃረብ ጅሎ በመስታወቱ አየን።

«ዶክተር፣ መንገዱን ግን አየኸው? ድሮ ጀርባችን ይሰበር ነበር። ከዚያ ጉብታ የወጣ ጠጠር ነው አሉ። ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ዝናብ አይወስደውም።»

ዶክተር ሲሳይ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ከጎማው ሥር ወደሚሸሸው ቀይ ጠጠር ተመለከተ።

«ጥሩ ድንጋይ ነው» አለ። «ቀስ ብለህ ንዳ።»

ጅሎ ማርሽ ቀነሰ።